ሐዋሳ መጥቼ እንግሊዝኛ በነጻ ላስተምር ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከካናዳ መጥተሽ አንድ ዓመት ሐዋሳ ልትቀመጪ ነው፣ መምህርት አይደለሽም፣ ግን እንግሊዝኛ በነጻ ማስተማር ትፈልጊያለሽ። ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። እኔም ከስዊድን ተመልሼ እዚሁ ይህንኑ ስሠራ ስለቆየሁ የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ቡናሽን ያዢ።

መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሺ። ፓስፖርትሽ የካናዳ ከሆነ በቱሪስት ቪዛ ገብተሽ አስተምራለሁ አትበይ። ቢጫ ካርዱን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ እዚያው ኤምባሲ አውጪ። ያለ ቪዛ ትገቢያለሽ፣ የሥራ ፈቃድም አትጠየቂም፤ አዋጁ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። የ120 ሰዓቱን የቴፍል ኮርስ፣ ማለትም እንግሊዝኛን ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች የማስተማር ሥልጠናውን፣ በኦንላይን ብትወስጂ ጥሩ ነው። ሰርተፊኬቱን እዚህ የጠየቀኝ የለም፣ ግን ክፍለ ጊዜ እንዴት እንደሚታቀድ ያሳይሻል።

ዘመድ ሁሉ የግል ትምህርት ቤት ግቢ ይልሻል። እኔ አልመክርሽም። አንዱ ጋ ሄጄ የፈለጉት ለምዝገባ ሰሞን ማስታወቂያ የሚሆን "ውጭ የኖረ መምህር" ነበር። እነዚያ ልጆች እቤታቸው አስጠኚም ፊልምም አላቸው። አንቺ የምትጠቅሚው የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን ነው። 9ኛ ሲገቡ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ነው። በታችኞቹ ክፍሎች በሲዳምኛ ወይም በአማርኛ ሲማር የነበረ፣ ሒሳብ እንደ ውኃ የሚጠጣ ልጅ፣ ጥያቄውን ማንበብ አቅቶት ዝም ይላል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ቋንቋው ግን አንዱ ይመስለኛል።

ርዕሰ መምህሩን ካስፈቀድሽ በኋላ በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ መምህሩ ሂጂና "ምን ላግዝዎት?" በያቸው። በክፍሉ ላይ የመጣሽባቸው ከመሰላቸው ነገሩ አለቀ። ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነ ጠዋት የተማሩት ከሰዓት ነጻ ናቸው፣ ያንን ሰዓት ያዢ።

ልጆቹ ሰዋስው ከአንቺ የበለጠ ያውቃሉ፣ ስልሽ እየቀለድኩ አይደለም። ፓሲቭ ቮይስ ስትጠይቂያቸው ይወርዱታል፤ ትናንት ምን በላህ ስትይው አንገቱን ይደፋል። ስለዚህ አንቺ ትንሽ አውሪ፣ እነሱ ብዙ ያውሩ። እኔ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ ዓሣ እንዴት እንደሚበለት አስረዱኝ ስላቸው ነው አፋቸው የተፈታው፣ ምክንያቱም ከእኔ ይልቅ እነሱ ያውቁታል። ሌላው የፈተና ትእዛዝ ቃላት ናቸው፤ ኮምፔር፣ ኤክስፕሌይን፣ ኤስቲሜት። የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ ይዘሽ ከእነዚህ ጀምሪ። በክረምት ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማንም አይሰማሽም፣ ያኔ ጽሑፍ አሠሪያቸው።

የኢንዱስትሪ ፓርኩን ሠራተኞች ማስተማርም ያምራል፣ ሴቶቹ ጉጉ ናቸው፤ ግን ሺፍት ሲቀየር ግማሹ ክፍል ይጠፋል። እሑድን ብቻ ሞክሪ።

ስጦታና ገንዘብ አታድዪ። በሳምንቱ ስንቱ ለደብተር፣ ስንቱ ለትምህርት እንደመጣ መለየት ያቅትሻል።

የምትመጪው በታኅሣሥ ከሆነ ለመጀመር አትቸኩዪ። ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመት ፈተና አለ፣ መምህራኑም ፋታ የላቸውም። እስከዚያ ተዋወቂያቸው፣ የካቲት ላይ ጀምሪ።