ትልቅ ጎማ ያለው ላንድክሩዘር ፊቱ ሲንቀጠቀጥ፦ ሌላ ዳምፐር ከመግዛትህ በፊት

ሰላም ወንድሜ። የጻፍከውን እንደገባኝ ላስቀምጠው፤ የሳትኩት ካለ አርመኝ። መኪናው ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ ነው፤ የፊት ሞላው 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ተደርጎ 285/75 አር 16 ጎማ ገብቶለታል። 70 ላይ ሳለህ ጉድጓድ ስትመታ መሪው ከእጅህ ሊያመልጥ እስኪደርስ ይንቀጠቀጣል፤ ወደ 40 ካልወረድክ አይቆምም። ባላንስ ሁለት ጊዜ አሠርተሃል። የመሪውን ዳምፐር (የመሪውን ንቅንቅ የሚያፍነውን ዘንግ) በአዲስ ስትቀይረው ለሁለት ሳምንት ጠፍቶ ተመልሷል።

ከዚህ ሁሉ ትልቁ ፍንጭ ዳምፐሩ ነው። አዲስ ዳምፐር መንቀጥቀጡን አፍኖ ይይዘዋል፤ የላላው ነገር ግን ከስር እየሰፋ ይሄድና ዳምፐሩ ከሚችለው ሲያልፍ ተመልሶ ይመጣል፣ ያውም ብሶ። ስለዚህ ሌላም ሆነ ድርብ ዳምፐር አትግዛ። ገንዘቡን ለቦኮላ (መጋጠሚያው ውስጥ ላለው ላስቲክ) እና ለኩሽኔታ (ለቤሪንግ) አስቀምጠው።

ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ ከከተማ አታውጣው፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይማ በፍጹም። ሲጀምርህ ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ጠበቅ አድርገህ ያዝ እንጂ ወዲያ ወዲህ አትታገለው፤ ፍሬኑን በቀስታ እየያዝክ ፍጥነቱን አውርድ።

አሁን ዓይነቱን እንለይ። የባላንስ ችግር ጉድጓድ አይጠብቅም፤ በ80 እና በ100 መካከል ደህና አስፋልት ላይም ይመጣል፣ ያን ፍጥነት ስታልፍ ይቀንሳል። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ቁልቁለት ስትወርድ፣ ፍሬን ስትይዝ ብቻ የሚመጣ ቢሆን ደግሞ የፍሬን ዲስኩን አስለካ እልህ ነበር። ያንተ ከሁለቱም አይደለም። ጉድጓዱ ይቀሰቅሰዋል እንጂ የሚያቆየው ራሱ አክስሉ ነው፤ ግራና ቀኝ ጎማ ምቱን እየተቀባበሉ ያባብሱታል። ይህ የሚሆነው አንድ ነገር ላልቶ ወይም ካስተሩ (ጎማው የሚታጠፍበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ያዘነበለበት ማዕዘን) አንሶ ነው፤ ከፍ በተደረገ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። ጎማው ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። 265/70 አር 16 ቁመቱ 78 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ያንተ 83 ያልፋል፣ ክብደቱም ጨምሯል። በትንሹ ጎማ የማይሰማ የ1 ሚሊ ሜትር ጨዋታ (ልቅነት) በዚህኛው መሪ ያስጥላል።

ጎማውን ቶሎ እንጨርሰው። ጎሚስታው ስንት እንደሞላው ጠይቅና ራስህ ለካ፤ ጭነት ለሌለው መኪና ከ32 እስከ 36 ፒኤስአይ ጀምር። 50 የተሞላ ጎማ ጉድጓድ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል። የፊቱን ከኋላው ጋር አቀያይር፤ ነገሩ ጭራሽ ከተለወጠ ጎማው ወይም ቸርኬው ውስጥ ችግር አለ። ቸርኬው የፋብሪካ ካልሆነ የመሃል ቀዳዳው ሃቡ (ቸርኬው የሚታሰርበት መሃል) ላይ ልክ መቀመጡን እይ፤ ሰፊ ከሆነ ማሽን ላይ የተስተካከለ ጎማ መኪናው ላይ ይወላገዳል።

ዋናው ምርመራ የሚሠራው መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ብዙ ጋራዥ ፊቱን በክሪክ አንስቶ ጎማውን ይነቀንቅና "ሰላም ነው" ይላል። ክብደት ያላረፈበት ቦኮላ ግን ጨዋታውን አያሳይም። የእጅ ፍሬኑን ያዝ፣ የኋላ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ አድርግ፣ ሞተሩን አስነሳ። አንድ ሰው መሪውን ከመሃል ወደ ግራና ቀኝ አጠር እያደረገ፣ ቶሎ ቶሎ ይመላልሰው። አንተ ከስር ገብተህ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በእጅህ ጨብጠህ ያዝ፤ ግማሽ ጣትህ አንደኛው ብረት ላይ፣ ግማሹ ሌላኛው ላይ ይሁን። ዓይን የማያየውን ጣት ይለየዋል። ለዚህ 15 ደቂቃ ስጠው።

መጀመሪያ የምትይዘው ፓንሃርድ ሮዱን ነው፤ ከሻንሲው አንድ ጎን ተነስቶ አክስሉን በአግድም የሚይዘው ዘንግ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ የተሠራው 79 ከፊት በሞላ ስለሆነ አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚጠብቀው ይኸው ነው። (ባሌስትራ ላለው አሮጌው 75 ይህን ክፍል ዝለሉት፤ እናንተ የባሌስትራውን ቦኮላና ማሰሪያዎቹን እዩ።) መሪው ሲመላለስ የዘንጉ ጫፍ ከሻንሲው ላይ ካለው መያዣ ተለይቶ ከተንቀሳቀሰ አገኘኸው ማለት ነው። የቡሎኑን ራስ በባትሪ አብራበት፤ ሮንዴላው ዙሪያ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ካበራ፣ ከስሩም በርበሬ የመሰለ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ቡሎኑ እየተላወሰ ነው። ቡሎኑን አውጥተህ ቀዳዳውን እይ፤ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል ከመሰለ ቦኮላ መቀየር ብቻውን አያድንህም። ልኩን የጠበቀ ቀዳዳ ያለው ወፍራም ሮንዴላ መያዣው ላይ ይበየድበት፣ ቡሎኑም አዲስ ይሁን።

አዲሱ ቦኮላ ሲገባ ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ቡሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በጎማው ቆሞ ነው። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ በዚያው ይያዝና መኪናው ሲወርድ ይጠመዘዛል፤ በጥቂት ወራት ተቀዶ ታገኘዋለህ። ከሶማሌ ተራ ስትገዛም ላስቲኩን በአውራ ጣትህ ተጫነው፤ የደረቀውን፣ የተሰነጣጠቀውን አትቀበል።

ከስር ሳትወጣ ድራግ ሊንኩን (ከመሪ ቦክሱ ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ)፣ የታይሮድ ኢንዶቹን (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ ጫፎች)፣ የመሪ ቦክሱንም እይ። ቦክሱ ሻንሲው ላይ በታሰረበት ቡሎን ዙሪያ ስንጥቅ ፈልግ። የታይሮድ ኢንዱ ራስ በመጋጠሚያው ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ቢዘል ይቀየር፤ ያገለገለ አትግዛ።

ቀጥሎ ፊቱን በክሪክ አንሳ። አክስሉን ጠንካራ ማቆሚያ ላይ አሳርፈህ ጎማውን በ12 እና በ6 ሰዓት ቦታ ይዘህ ነቅንቅ። ጨዋታ ካለ ረዳትህ ፍሬን ይርገጥ፦ ጨዋታው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ (ጎማው ግራና ቀኝ ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ) ነው። የጎማው ኩሽኔታ ቀላል ነው። በ54 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ዳዶውን ወደ 60 ኒውተን ሜትር አጥብቅ፣ ሃቡን ግራ ቀኝ እያዞርክ አስቀምጠው፣ ፍታው፣ ከዚያ በጣም በቀላሉ መልሰህ ያዘውና መቆለፊያውን ዝጋ። ጨዋታ የሌለው ግን በነጻ የሚዞር ሃብ ነው የምትፈልገው።

ኪንግ ፒኑ ላይ ግን ጊዜ ውሰድ፤ ከፓንሃርድ ቀጥሎ እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው። ታይሮዱንና ድራግ ሊንኩን ከናክሉ (ጎማውን ተሸክሞ ከሚታጠፈው ብረት) ፍታ፣ ናክሉን በእጅህ ከጥግ እስከ ጥግ አዙረው። መንገዱን ሁሉ እኩል ከበድ ማለት አለበት። እንደ በር ወለል ብሎ ከዞረ ጥበቱ ጠፍቷል። ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጭ ብሎ ከገባ ደግሞ ኩሽኔታው ተበልቷል፤ መኪና አብዛኛውን ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሮለሮቹ ኮፓው (የሚሽከረከሩበት ቀለበት) ላይ መስመር ይቆፍራሉ። እንዲህ ከሆነ ኮፓውም ጭምር ይቀየራል። ጥበቱ የሚለካው በእጅ ሚዛን ነው፤ የናክሉን ክንድ ጫፍ ጎትተህ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ኪሎ ከሞዴልህ የጥገና መጽሐፍ ጋር አስተያይ። ከላይና ከታች ያሉትን ቀጫጭን ሺሞች (ማስተካከያ ብረቶች) መካኒኩ እንዳያቀያይራቸው፤ ናክሉን ከአክስሉ ጋር መሃል ለመሃል የሚያቆሙት እነሱ ናቸው፣ ከተዛባ ሲሉ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው ላስቲክ) ቶሎ ያፈሳል። ናክሉ ውስጥ ግሪሱ ቀጥኖ ሾርባ ከሆነ ሲሉ ቀድሞውኑ አፍስሷል።

አሁን ካስተር። ሞላው 5 ሳንቲ ሜትር ሲነሳ ራዲየስ አርሙ (አክስሉን ከሻንሲው ጋር በቁመት የሚያያይዘው ክንድ) አክስሉን ወደፊት ያዞረዋል፣ 2 ዲግሪ ገደማ ካስተር ይጠፋል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ አደባባይ ዞረህ ስትወጣ መሪውን ለቀቅ ብታደርገው ራሱ ካልተመለሰ ካስተርህ አንሷል። አላይመንት ቤት ሂድና የካስተሩን ቁጥር በወረቀት ስጡኝ በል፤ "ተስተካክሏል" የሚለው ቃል አይበቃህም። ለዚህ ጎማ ቢያንስ 2.5፣ ቢቻል 3 ዲግሪ እፈልጋለሁ። የሚመለሰው ቀዳዳው ከመሃል በወጣ የራዲየስ አርም ቦኮላ ነው። ከመጠን በላይ አታሳርመው፤ የዲፈረንሻሌው አፍ ወደ ታች ይዞርና የፊት ካርዳኑ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ያኛው ከመሪው ይልቅ ወለሉ ላይ ይሰማሃል። የጎማዎቹ ፊት ከኋላቸው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጠበብ ይበል፤ ይህ የመጨረሻው ሥራ ነው፣ የላላው ሳይጠገን ማስተካከሉ ከንቱ ነው።

ሁሉም ሲያልቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ የፓንሃርዱንና የመሪ ቦክሱን ቡሎኖች እንደገና ፈትሽ። የካስተሩን ቁጥር የግራና የቀኙን ለየብቻ፣ የፓንሃርዱን ቀዳዳ ፎቶም ጨምረህ እዚሁ ላክልን። ሁለቱ ጎኖች ከ1 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ቦኮላ ከመግዛትህ በፊት አክስሉ መጣመሙን ማየት አለብን።