መልስ፦ ከርነሉን አዘምኜ የደኅንነት ስካነሩ አሁንም «ተጋላጭ» የሚለው ለምንድን ነው?

በ«አፕት-ጌት አፕግሬድ» ኡቡንቱውን (የሊኑክስ ስርዓቱን) አዘምነህ ክፍተቱ አልጠፋ ያለው ብዙ ጊዜ አዲሱ ከርነል (የስርዓቱ እምብርት) ስላልተጫነ ነው። ይህ ትእዛዝ የሚያድሰው ቀድሞ ያሉትን ፓኬጆች (የሶፍትዌር ጥቅሎች) ብቻ ነው። አዲስ ከርነል ግን ስሙ የተለየ አዲስ ፓኬጅ ሆኖ ስለሚመጣ «ኬፕት ባክ» (ሳይጫን ቆየ) ብሎ ያልፈዋል።

1. በ«ዲኤፍ -ኤች /ቡት» ከርነሎች በሚቀመጡበት /ቡት ፎልደር ቦታ መኖሩን እይ። ሞልቶ ከሆነ መጫኑ መሃል ላይ ይቋረጥብሃል፤ «አፕት አውቶሪሙቭ» የማያስፈልጉትን አሮጌ ከርነሎች ያነሳልሃል።
2. «አፕት ፉል-አፕግሬድ» አስኪድ። የሚያስወግዳቸውን ሳታነብ እሺ አትበል።
3. ሪቡት አድርግ። እስከዚያ ሜሞሪ ላይ የሚሠራው አሮጌው ነው።
4. «ዩኔም -አር» የሚያሳይህን እየሠራ ያለውን ከርነል ቁጥር /ቡት ውስጥ ካለው አዲሱ ጋር አስተያይ።

ቁጥሩ ገጥሞም ስካነሩ ካልተወህ ጥፋቱ የራሱ የስካነሩ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ በ2022 ይፋ የሆነው «ደርቲ ፓይፕ» የተባለ የከርነል ክፍተት በዋናው ከርነል የተደፈነው በ5.16.11፣ በ5.15.25 እና በ5.10.102 ነው። ኡቡንቱ ግን ጥገናውን ብቻ ወስዶ ራሱ በያዘው ቁጥር ላይ ይጨምረዋል፤ ቁጥር ብቻ የሚያይ ስካነር ይህን አያውቅም። ከኡቡንቱ የደኅንነት ማስታወቂያ ጋር አመሳክር።

አንድ ጥንቃቄ፦ አሮጌውን ከርነል ወዲያው አታጥፋ። ከሪቡት በፊት «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ብለህ (ዲኬኤምኤስ ድራይቨሮችን ለየከርነሉ የሚገነባ መሣሪያ ነው) የውጭ ድራይቨሮችህ ለአዲሱ መገንባታቸውን አረጋግጥ። የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር ካልተገነባ ማሽኑ ይነሳል፣ አንተ ግን በኤስኤስኤች (ከርቀት) አትደርስበትም። ያኔ የሚያወጣህ ኮንሶል (የማሽኑን ስክሪንና ኪቦርድ) ገብተህ ማሽኑ ሲነሳ ከሚታየው የግሩብ ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ነው።