ሁለቱ የራም ስሎቶች አልሠራ ካሉህ ፕሮሰሰሩን አንስተህ ሶኬቱን እየው

ወንድሜ፣ ለማዘርቦርድ ብር አታውጣ፤ ቆይ። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ሲክስዝ ጀነሬሽን ኮር አይ5 ዴስክቶፕ ነው፤ አራት የራም ስሎትና ሁለት ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር4 ራም አለው። ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባሉት ሁለት ስሎቶች ይነሳል። ራቅ ካሉት ሁለቱ በአንዱ ላይ ራም ከተሰካ ግን ስክሪኑ ጥቁር ይሆንና ቢፕ ቢፕ ማለት ይጀምራል። ይሄ ሁሉ የመጣው ፋኑ ተጠርጎ ፔስት (ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ከተቀየረ በኋላ ነው። ጥገና ቤቱም «ስሎቱ ሞቷል፣ ቦርድ ቀይር» ብሎሃል።

እኔ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ነው የምጠግነው፣ ይሄ ምልክት ደግሞ በደንብ የማውቀው ነው። ስሎት ብቻውን የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ፕላስቲክና የብረት ጥርስ ነው እንጂ ውስጡ የሚቃጠል ነገር የለውም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ስሎቶች በአንድ ቀን እኩል ከጠፉ ደግሞ ጥፋቱ ከስሎቶቹ ሳይሆን ሁለቱ ከሚጋሩት መስመር ነው።

መስመሩ የሚሄደው ወደ ፕሮሰሰሩ ነው። ድሮ ራሙን የሚቆጣጠረው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ሌላ ቺፕ ነበር። ኤኤምዲ በ2003፣ ኢንቴል ደግሞ በ2008 ከመጀመሪያው ኮር አይ7 ጋር (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) መቆጣጠሪያውን ፕሮሰሰሩ ውስጥ አስገቡት። አንተ ባለህ ዓይነት ቦርድ ብዙ ጊዜ ለፕሮሰሰሩ የሚቀርቡት ሁለቱ ስሎቶች አንድ ቻናል (ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኝ አንድ የጋራ መስመር) ናቸው፣ የሚርቁት ሁለቱ ሌላ ቻናል። ያንተ ሁለተኛው ቻናል እንዳለ ጠፍቷል ማለት ነው። ፕሮሰሰሩ ከተነካ በኋላ መሆኑን ስትጨምርበት እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሶኬቱን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ነው።

ግን ሶኬቱን ከመክፈትህ በፊት ራሞቹ ደህና መሆናቸውን አረጋግጥ። ገመዱን ከዲቫይደሩ ንቀል፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫን፣ የኬዙን ብረት ንካ። ከዚያ አንዱን ራም ብቻ በሚሠራው ስሎት ላይ ሰክተህ አስነሳ፣ ቀጥሎ ገመዱን እንደገና ነቅለህ ሌላውን እዚያው ስሎት ላይ። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይርና ውጤቱን ወረቀት ላይ ጻፍ። ሁለት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው ቢሠራለት እንኳ ምን እንደሠራለት አያውቅም። በሁለቱም ከተነሳ ችግሩ ከራሞቹ አይደለም።

ቀጥሎ ጽዳት። መንገዱ ሁሉ ሲቆፈር የከረመበት ከተማ ውስጥ ነን፣ አቧራው የማይገባበት የለም። የራሙን ወርቃማ ጥርሶች በንጹሕ ነጭ ላጲስ ቀስ ብለህ ፈትግና ፍርፋሪውን ከስሎቱ ርቀህ አራግፍ። ስሎቱን በስልክህ መብራት ከጫፍ እስከ ጫፍ እየው፣ ክር ወይም ፀጉር ተወትፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል። በአፍ አትንፋ፣ ምራቅ ይገባል። ከፋርማሲ የምትገዛው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ ከተጠቀምክበት በደንብ ሳይደርቅ መብራት አታስገባ። ራሙን ስትሰካ በሁለቱም ጫፍ እኩል ተጫነው፣ ቀጭ ሲል ትሰማዋለህ።

ይሄ ሁሉ ተደርጎ ካልተለወጠ ወደ ዋናው ነገር እንሂድ። ገመዱን እንደገና ነቅለህ፣ ፋኑን ፈተህ፣ የሶኬቱን መቆለፊያ ከፍተህ ፕሮሰሰሩን በጠርዙ ይዘህ ቀጥ አድርገህ አንሳው። ያንተ ሶኬት 1151 ቀጫጭን ፒኖች አሉት፣ ስሙም ከቁጥራቸው የመጣ ነው። በጣት እንዳትነካቸው። ክፍሉን ትንሽ አጨልምና የስልኩን መብራት ከጎን፣ ዝቅ አድርገህ አብራበት። ደህና ከሆኑ ጫፎቻቸው በአንድ አቅጣጫ በእኩል ያብለጨልጫሉ፣ ልክ የጤፍ ማሳ ነፋስ ሲያስተኛው እንደምታየው። የታጠፈው አንዱ ብቻ ይጨልማል ወይም ነጥቡ ከመስመሩ ወጣ ብሎ ይታያል። ከአራቱም አቅጣጫ እየው፣ ከአንድ ጎን የማይታየው ከሌላው ይታያል። በስልክ ፎቶ አንስተህ አጉልተህ ብታየው ደግሞ የተሻለ ነው። ጠርዝ ላይ የፈሰሰ ፔስት መኖሩንም ተመልከት፣ የፕሮሰሰሩንም ሆድ ገልብጠህ እይ፣ እዚያ ያሉት ክብ ነጥቦች ላይ ፔስት ካለ ያው ጣጣ ነው። አንድ ፒን ብቻ ሳይነካ ቢቀር ቻናሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።

የታጠፈ ካገኘህ በቀጭን መርፌ በትንሽ በትንሹ ይቃናል። እጅህ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ራስህ አትሞክረው፣ ሞባይል ጠጋኞች ጋ ማይክሮስኮፕ ስላለ እነሱ ጋ ውሰደው። ፒኑ ከተሰበረ የሚመለስ አይደለም።

ፒኖቹ ደህና ከሆኑ ፕሮሰሰሩን መልሰህ አስቀምጥና የፋኑን ብሎኖች በመስቀለኛ አቅጣጫ በየተራ አጥብቅ። አንዱን ጎን ብቻ አጥብቆ መጨረስ ፕሮሰሰሩን ያዘነብለውና በትክክል ይህንኑ ችግር ያመጣል። ብዙ ሰው የማያየው ይሄን ነው። የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ባትሪዋን፣ ያቺን ክብ ሲአር2032፣ ጥቂት ደቂቃ አውጥተህ መልሳት። አዲስ ባትሪም ውድ አይደለም።

ባዮስ ላይ 16 ጊጋ ታይቶ ዊንዶውስ ላይ የሚያንስባችሁ ሰዎች ደግሞ ችግራችሁ ሌላ ነው። ዊንዶውሱ 32 ቢት እንዳይሆን እዩ፣ ኤምኤስኮንፊግ (የዊንዶውስ አነሳስ ማስተካከያ) ውስጥ ማክሲመም ሜሞሪ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለም አጥፉት። ራም ስትገዙ ደግሞ የሰርቨር ራም ርካሽ ሆኖ ቢቀርብላችሁ አትውሰዱ፣ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ አይሠራም።

ሁሉንም ሞክረህ፣ በሌላ ፕሮሰሰርም ታይቶ ያው ከሆነ፣ ያኔ ቦርዱ ነው። ያም ሆኖ ለመግዛት አትሩጥ። ሁለቱንም ራም ፕሮሰሰሩ አጠገብ ባሉት ስሎቶች ሰካና ሞክር። ከተነሳ 16 ጊጋህ ሙሉ ነው፣ በአንድ ቻናል ብቻ ስለሚሠራ ትንሽ ፍጥነት ትቀንሳለህ። ለጽሑፍና ለሂሳብ ሥራ ልዩነቱ አይታወቅህም፣ ቪዲዮ የምታቀናብር ከሆነ ግን ይሰማሃል። የሶኬቱን ፎቶ ከአራቱም ጎን አንስተህ እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።