ስታኞ የማይነካው የስኬትቦርድ ባትሪ፦ ጥያቄና መልስ

መብራት መጥቷል፤ ከሰዓቱ የእኔ ነው። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው። በስሪዲ ፕሪንተር በታተመ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ሴሎችን በብሎን ግፊት ብቻ አገናኝቶ የኤሌክትሪክ ስኬትቦርድ ባትሪ መሥራት። የእኔ ሞጁል 10 ሴል በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ቀጥሎ) ነው፤ 36 ቮልት፣ ሲሞላ 42። ሦስት ሞጁል ፓራለል (ጎን ለጎን፣ ቮልቱ ሳይጨምር) አድርጌ ከቱሉ ዲምቱ ኮዬ ፈጬ እመላለሳለሁ። ጠይቁ። ጠያቂን በሰፈሩ ነው የምጠራው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) የሌለው ግን መጀመሪያ ቴስተር ይግዛ።

የሰሚቱ፦ ጋሼ፣ ካውያ ቤቴ አለ። ለምን በስታኞ አልይዘውም?

መልስ፦ ሙቀቱ ሴሉ ውስጥ ይገባልና። ፋብሪካ ስፖት ዌልደር የሚጠቀመው ለዚህ ነው፤ ብልጭ ብሎ ያልቃል፣ ሙቀቱ ጠልቆ ለመግባት ጊዜ አያገኝም። ደግሞ አንድ ሴል ሲሞትብህ የተበየደውን ጥቅል መቅደድ አለብህ። የእኔ በካቻቢቴ ይፈታል።

የአራብሳው፦ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

መልስ፦ እንደ ክብደትህ፣ እንደ ዳገቱ። ቀጥሎ።

የገላኗ፦ ሴሎቹን አምስት አምስት አድርጌ በሁለት ረድፍ ደረደርኩ። ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ጉልበቱ ድንገት ይወርዳል። ሞጁሉን ስነካው ደግሞ መሃሉ ይሞቃል። መዳቡ ቀጥኖ ይሆን?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ሰው ሁሉ ስለ መዳቡ ውፍረት ይጨነቃል። ነገሩ ያለው ግፊቱ ላይ ነው።

እስቲ እናስላው። ሴሉና መዳቡ የሚነካኩበት አንድ ንክኪ ሬዚስታንሱ 2 ሚሊኦም ቢሆን በ10 አምፒር የሚባክነው 0.2 ዋት ነው። ምንም አይደል። ላልቶ 20 ሚሊኦም ሲደርስ 2 ዋት ይሆናል፤ ያውም ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ። በ10 ሴል ላይ 20 ንክኪ አለሽ። ሁሉም ከላሉ 4 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ፕላስቲክ ደግሞ ጫና ሲበዛበት ቀስ እያለ ይሸሻል። ብሎኑ ሳይፈታ ክዳኑ ይለመጣል፣ ግፊቱም ይጠፋል። ስለዚህ ሴሎቹን ከሚያገናኘው የመዳብ ላሜራ ጀርባ ሁልጊዜ የሚገፋ ነገር ያስፈልጋል። እኔ የብስክሌት ካላማዳሪያ ነው የማደርገው። ሰፈር ያለው ጎሚስታ የተጣለውን በነፃ ይሰጠኛል፤ ምን እንደማደርግበት ጠይቆኝም አያውቅ። ቆርጬ፣ ደራርቤ አስገባዋለሁ። ሴሉ ኮብልስቶን ላይ ሲዘል ላስቲኩ አብሮት ይሄዳል። የእጅ ባትሪ ስፕሪንግ ግን እንዳትሞክሪ፤ ቀጭን ብረት ነው፣ ይግላል።

አሁን ሂጂና ለኪ። ሦስት የመኪና የፊት አምፖል፣ ባለ 12 ቮልት 55 ዋት፣ በሲሪየስ አገናኝተሽ ሞጁሉ ላይ ስቀዪ። 5 አምፒር ገደማ ይስባሉ። አምፖሎቹ እየበሩ ከሴሉ ጫፍ እስከ ላሜራው ያለውን ሚሊቮልት አንድ በአንድ ጻፊ። ቁጥሩን ይዘሽ ተመለሺ።

የአያቱ፦ ሣጥኑ በፒኤልኤ ፕላስቲክ ቢታተም ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ጥቁር ሣጥን፣ ከአስፋልት በላይ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ። ፒኢቲጂ እስከ 80 ገደማ ይታገሣል። ስታትምም ብሎኑ ድርብርቡን ወደሚገነጥልበት አቅጣጫ እንዳይስብ አድርገህ አስተኛው።

የጀሞው፦ አንዱ ሞጁል ሙሉ ነው፣ ሌላው ግማሽ። ፓራለል ልስካቸው?

መልስ፦ በፍጹም! ሙሉው ባዶው ላይ ይዘረገፋል። በመካከላቸው ከሽቦው በቀር የሚያግድ ነገር የለም። ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ብልጭ ይላል። ሁለቱንም ቻርጅ አድርገህ ቮልታቸውን ለካ፤ ልዩነቱ ከ0.1 በታች ሲሆን ስካ። ከመሰካት በፊት ቴስተር።

የሰሚቱ፦ መርካቶ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚል 18650 (የተለመደው ክብ) ሴል አየሁ። ዋጋው ሸጋ ነው።

መልስ፦ ሸጋ ውሸት ነው። ጥሩው 18650 እንኳ ከ3500 ሚሊአምፒር ሰዓት አካባቢ ብዙ አያልፍም። ሚዛን ላይ አውጣው፤ ደህናው 45 ግራም አካባቢ ነው። የላፕቶፕ ሴልም ለዚህ አይሆንም፤ አቅሙ ቢኖረውም ብዙ አምፒር ሲጠየቅ ያቃስታል።

የለገጣፎው፦ ቢኤምኤሱን በቻርጅ በኩል ብቻ ነው ያገናኘሁት። ለሞተሩ ፊውዝ ይበቃል።

የአያቱ፦ ሴሎቹን የሚጠብቀውን ሰሌዳ ዘለልከው? ሰው ይሰማሃል እኮ!

የለገጣፎው፦ እየሄድኩ ቢያቋርጠኝስ? ፍሬንም አብሮ ነው የሚጠፋው።

የአያቱ፦ ታዲያ እግር የለህም?

የለገጣፎው፦ በ35 ፍጥነት በእግርህ አቁመህ አሳየኝ።

የጀሞው፦ አስፋልት ላይ መንዳቱስ ይፈቀዳል ወይ?

መልስ፦ ትራፊክ ፖሊስ ጠይቅ። እናንተ ሁለታችሁ ደግሞ ቁጭ በሉ። የለገጣፎው ፍርሃት እውነት ነው። ቦርዱ ሲያቆም ሞተሩ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪ ሞልቶ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ብትለቁት፣ የሚገባውን የሚቆጣጠረው ሰሌዳ ሞላ ብሎ ይዘጋል፤ ፍሬኑ ከዳችሁ ማለት ነው። መኖሪያው ላይኛው ሰፈር የሆነ ሰው ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ይውጣ። ሰሌዳውን በቻርጅ በኩል ብቻ ያደረገ ሰው ደግሞ የሞተሩ ኮንትሮለር ላይ ዝቅተኛውን ቮልት ያስገድብ፣ በየሳምንቱም እያንዳንዱን ሴል ይለካ። የማይለካ ከሆነ የአያቱ ልክ ነው።

አንድ አባት፦ ልጄ ይህንኑ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ ይሠራል። አራተኛ ፎቅ ነን። ቤቱን ያቃጥልብን ይሆን? እኔ የማውቀው የድሮውን ባትሪ ድንጋይ ነው።

መልስ፦ አባቴ፣ መጠየቅዎ ደግ ነው። ይህ ከድንጋዩ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የሴሉ ቆርቆሮ ሙሉውን ኔጌቲቭ ነው፤ ፖዘቲቩ ጫፍ ላይ ያለው ቁልፍ ብቻ ነው። በመካከላቸው ያለው ቀጭን ሽፋን ነው። ሽፋኑን ላሜራ ከፋቀው ሾርት ይሆናል። ልጅዎ በየፖዘቲቩ ጫፍ የወረቀት ቀለበት ማድረጉን በዓይንዎ ይዩ። ሰው ተኝቶ ቻርጅ አይደረግ። መውጫው በር አጠገብም አይቀመጥ፤ እሳት ቢነሣ መንገድ ይዘጋባችኋል። ከጨሰ ሁላችሁም ወጥታችሁ እሳት አደጋ ጥሩ፤ ጭሱ መርዝ ነው።

የአራብሳው፦ ሁለት ሞጁል አለኝ፣ አንዱ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው። ልሰካው?

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትን ማን ያንብብልህ? ቴስተር! «ትንሽ» ስንት ቮልት ነው?

የአራብሳው፦ አልለካሁትም።

መልስ፦ እንግዲያው አልጠየቅከኝም።

የገላኗ፦ ለካሁ። ሁሉም ከ8 እስከ 12 ሚሊቮልት ናቸው። 3ኛው ሴል 85፣ 8ኛው 90።

መልስ፦ 3 እና 8 የየረድፉ መሃል አይደሉም? ብሎኖቹስ የት የት ናቸው?

የገላኗ፦ አራቱ ጥግ ላይ።

መልስ፦ በቃ፣ ክዳኑ መሃል ላይ ጎብጧል። ማስመሪያ አጋድሚበት፣ ከሥሩ ብርሃን ታያለሽ። በሁለቱ ረድፍ መካከል አምስተኛ ብሎን የሚያልፍበት ቀዳዳ ጨምረሽ እንደገና አትሚው፤ ብሎኑ ላሜራ እንዳይነካ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ካላማዳሪያውንም አትርሺ።

የገላኗ፦ ብርሃን ይታያል! ጣት ያስገባል ማለት ይቻላል።

መልስ፦ ፎቶ አንሺው። አምፖሎቹን ግን መጀመሪያ ንቀያቸው።