ጂቲኤክስ 1060 ወይስ አርኤክስ 580? የቆዩ ግራፊክስ ካርዶችን በተመለከተ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነው። ከጂቲኤክስ 1060 ባለ 3 ጊጋባይት፣ ከባለ 6 ጊጋባይቱ እና ከአርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት አንዱን እመርጣለሁ። ሞኒተሬ 1080ፒ ነው። በወረቀት ላይ 580 በጣም የሚበልጥ ይመስላል፤ ሰዎች ግን እኩል ናቸው ይላሉ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሰዎቹ ልክ ናቸው። የኤኤምዲው 580 የስሌት አቅም 6.2 ቴራፍሎፕስ (በሰከንድ 6.2 ትሪሊዮን ስሌት) ገደማ፣ የኤንቪዲያው ባለ 6 ጊጋባይት 1060 ደግሞ 4.4 ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ግን የኮሮቹ (በቺፑ ውስጥ ስሌት የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት ከክሎኩ (ከሥራ ፍጥነታቸው) ጋር ተባዝቶ፣ ኮሮቹ ሁሉ አንድም ቅጽበት ሥራ እንደማይፈቱ ተቆጥሮ የተገኘ ነው። ጌም ላይ እንዲህ አይሆንም። ከ580 2304 ኮሮች መካከል ሥራ ሳይደርሳቸው የሚጠብቁት ብዙ ናቸው፤ የ1060 1280 ኮሮች ግን በተሻለ ሁኔታ በሥራ ይያዛሉ። ጌም ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበት ሶፍትዌር ዓይነቱ ብዙ ነው፦ በዳይሬክትኤክስ 11 በተሠሩ የቆዩ ጌሞች ብዙ ጊዜ 1060 ይቀድማል፤ በዳይሬክትኤክስ 12 እና በቩልካን በተሠሩት ደግሞ 580 ይቀድማል። ቴራፍሎፕስ የሚጠቅመው የአንድ ኩባንያን የአንድ ትውልድ ካርዶች ለማወዳደር ነው። ከዚያ ውጭ ያሳስታል።

ባለ 3 ጊጋባይቱን ከዝርዝርዎ ያውጡት። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ቺፑም ተቀንሶ 1152 ኮር ብቻ ነው ያለው። የ10 በመቶ ቅናሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ የባሰው ሚሞሪው ነው። ጌሙ ከ3 ጊጋባይት በላይ ሲፈልግ ትርፉ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሄዳል። ካርዱ ከራሱ ሚሞሪ በሰከንድ 192 ጊጋባይት ያነባል፤ ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ በሚሰካበት መስመር፣ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 በኩል ከራሙ የሚደርሰው ግን ቢበዛ 16 ገደማ ነው፤ አንድ አሥራ ሁለተኛ ማለት ነው። አማካይ ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት) ደህና ሆኖ ይታይና አዲስ ቦታ በገቡ ቁጥር፣ ፊትዎን ባዞሩ ቁጥር ምስሉ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። አማካይ ቁጥር ይህን ገመና ይሸፍነዋል። ስለዚህ ሁለት ካርዶች ሲወዳደሩ መጀመሪያ መታየት ያለበት «1 በመቶ ዝቅተኛ» የሚባለው፣ ማለትም በጣም የዘገዩት 1 በመቶ ፍሬሞች ያሳዩት ፍጥነት ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማግኘት እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሰከንድ ማለቅ አለበት፤ አልፎ አልፎ አንዱ 80 ሚሊሰከንድ ቢወስድ አማካዩ ብዙም አይነቃነቅም፤ ዓይን ግን ወዲያው ያየዋል።

ከቀሪዎቹ ሁለቱ እኛ ባለ 8 ጊጋባይቱን 580 እንመርጣለን። ምክንያቱም ቴክስቸር (በጌሙ ዕቃዎች ገጽ ላይ የሚለጠፈው ምስል) ነው፦ ሚሞሪው እስከበቃ ድረስ የቴክስቸርን ጥራት ከፍ ማድረግ ፍሬም አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ የምስሉን ውበት ግን ከየትኛውም ሴቲንግ በላይ ይለውጠዋል። 580 የሚጠይቅብዎት ዋጋ ኤሌክትሪክ ነው። የተመደበለት 185 ዋት ሲሆን ለ1060 120 ዋት ይበቃዋል። ፓወር ሰፕላይዎ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ለካርዱ የሚሆን ባለ 8 እግር፣ 8 ፒን የሚባል ገመድ ከሌለው ወይም ኬዝዎ አየር የማያሳልፍ ጠባብ ከሆነ ባለ 6 ጊጋባይቱን 1060 ይውሰዱ።

አንድ ወጥመድ አለ። «580 2048ኤስፒ» የሚባለው ካርድ የኮሩ ብዛት ከ570 ጋር እኩል ነው። ሣጥኑ ላይ ያለውን ስም አይመኑ፤ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍተው የሼደሮቹ (ኮሮቹ በዚያ የሚጠሩበት ስም ነው) ቁጥር 2304 መሆኑን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ 1080 ቲአይ እና አርቲኤክስ 2060 በተቀራረበ ዋጋ አገኘሁ። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ በጉልበት ከሆነ 1080 ቲአይ፤ 11 ጊጋባይት ሚሞሪ እና በሰከንድ 484 ጊጋባይት የማንበብ ፍጥነት አለው። የ2060 ሚሞሪ 6 ጊጋባይት ብቻ፣ ፍጥነቱም 336 ነው። ሆኖም 2060 ቀድሞ የነበሩት የሌላቸውን ይዟል፦ የሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ጥላና ነጸብራቅ የሚሠራ ዘዴ) ኮሮች፣ ሜሽ ሼደር (የዕቃዎችን ቅርጽ የሚያዘጋጅ አዲስ ዘዴ) እና ዲኤልኤስኤስ (በዝቅተኛ ሪዞሉሽን የተሠራን ምስል በኤአይ የሚያሳድግ)። ሬይ ትሬሲንግን እንደ ግዴታ የሚጠይቁ ጌሞች መጥተዋል፤ እነዚህ 1080 ቲአይ ላይ የሚነሡ አይደሉም፣ ሴቲንግ ቢቀንሱም አይጠቅምም። በዚያ ላይ ኤንቪዲያ ለ900 እና ለ1000 ተከታታይ ካርዶች መደበኛውን የጌም ድራይቨር በ2025 ጥቅምት ላይ አቁሟል፤ እስከ 2028 የሚቀጥለው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። የሚጫወቱት እስከ 2020 ገደማ የወጡትን በ1440ፒ ከሆነ 1080 ቲአይን ይውሰዱ፤ 250 ዋት እንደሚፈልግና 6 ፒንም 8 ፒንም እንደሚሰካበት አይርሱ። ዓይንዎ አዳዲሶቹ ላይ ከሆነ ቴክስቸሩን ዝቅ አድርገው በ2060 ይጫወቱ።

ጥያቄ፦ 1050 ቲአይን አውጥቼ 1070 ገጠምኩ። ፍሬሙ ግን የተጨመረው ከ52 ወደ 60 ብቻ ነው። ካርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ልክ 60 ላይ መቆሙ ብቻውን ይጠቁማል፤ ቪ-ሲንክ (ፍሬሙን ከሞኒተሩ ፍጥነት እንዳያልፍ የሚያስር ሴቲንግ) በርቶ ይሆናል። ከጌሙም ከድራይቨሩ ሴቲንግም ያጥፉትና እንደገና ይለኩ። ካልተለወጠ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ፕሮሰሰሩ ነው። መለየቱ ቀላል ነው፦ ሌላ ሴቲንግ ሳይነኩ ሪዞሉሽኑን ከ1080ፒ ወደ 720ፒ ያውርዱ። ፍሬሙ በደንብ ከዘለለ ወሰኑ ካርዱ ነበር፤ ካልተነቃነቀ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራምም ይታያል፦ የካርዱ አጠቃቀም 97 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ካርዱ ሙሉ እየሠራ ነው፤ 60 ወይም 70 ከሆነ አይደለም። ጠቅላላ የፕሮሰሰር መቶኛው ዝቅ ብሎ ቢያዩት አይታለሉ፤ ከ8 ኮር አንዱ ብቻ ሞልቶ ጌሙን ሊያስር ይችላል።

ራሙንም ይመልከቱ። አንድ ነጠላ ራም በተሰካበት ማሽን ፕሮሰሰሩ መረጃ የሚያገኝበት መስመር በግማሽ ይጠብባል፤ ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም በትክክለኛው ቀዳዳ መሰካት ብቻውን በተለይ ዝቅተኛ ፍሬሞችን ከፍ ያደርጋል። ከዚያ የድሮውን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ አስፈላጊውን ብቻ ይዞ በሚነሣበት ሁኔታ) ገብተው ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም ያጥፉና አዲሱን ይጫኑ።

ለውጡን ሲለኩ የጌሙን ተመሳሳይ ቦታ በተመሳሳይ አቅጣጫ 60 ሰከንድ ያህል ሦስት ጊዜ ይጫወቱት። ጌሙ መጀመሪያ ሲሄድ ምስል የሚሥሉ ትንንሽ ፕሮግራሞቹን (እነሱም ሼደር ይባላሉ) እያዘጋጀ ስለሚደናቀፍ የመጀመሪያውን ልኬት ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ የቢሮ ሞዴል ነው፤ ፓወር ሰፕላዩ የግራፊክስ ካርድ ገመድ የለውም። ከሳታ ወደ 6 ፒን የሚቀይር ገመድ ገዝቼ 1060 ልግጠም?

መልስ፦ በፍጹም አያድርጉት። የሳታ መሰኪያ (ለሃርድ ዲስክ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ሲሆን 6 ፒን ግን እስከ 75 ዋት እንዲሰጥ የታሰበ ነው። መሰኪያው ይሞቃል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። ማዘርቦርዱ ራሱ በቀዳዳው በኩል የሚሰጠው 75 ዋት የሚበቃቸውን ይፈልጉ፦ 1050 ቲአይ ወይም 6 ፒን የሌለው 1650። ኬዙ ቀጭን ከሆነ አጭር ቁመት ያለውን ዓይነት ይጠይቁ።

ጂቲ 1030 ካቀረቡልዎት ሚሞሪው ፈጣኑ ዓይነት፣ ጂዲዲአር5 መሆኑን ያረጋግጡ። በዲዲአር4 የተሠራው በዚያው ስም ይሸጣል፤ የሚያነበው ግን በሰከንድ 16.8 ጊጋባይት ነው፣ የጂዲዲአር5ቱ 48። አርኤክስ 6500 ኤክስቲም ለቆየ ማዘርቦርድ አይሆንም፤ በ4 መስመር ብቻ ስለሚገናኝ በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ላይ 4 ጊጋባይቱ ሲሞላ ክፉኛ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ካርድ ከመክፈሌ በፊት እንዴት ልፈትሽ?

መልስ፦ ከኋላው ይጀምሩ። 1060 ነው ተብሎ የቪጂኤ ቀዳዳ ካለው ባዮሱ (በካርዱ ውስጥ ያለው መነሻ ሶፍትዌር) ተቀይሮ ስም የተለወጠለት ሌላ፣ የቆየ ካርድ ነው። ጂፒዩ-ዚ እንዲህ ያሉትን ለይቶ «ሐሰተኛ» ብሎ ያሳያል።

ቀጥሎ ከባድ ጌም ወይም የመፈተኛ ፕሮግራም 20 ደቂቃ ያህል ያስኪዱ፤ 3 ደቂቃ አይበቃም፣ ችግሩ የሚወጣው ካርዱ ሲግል ነው። ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ወይም ቼዝ ሰሌዳ የመሰሉ አራት ማዕዘኖች ከታዩ ሚሞሪው ተጎድቷልና ይተዉት። የ1000 ተከታታይ ካርዶች 83 ዲግሪ ገደማ ሲደርሱ ክሎካቸውን መቀነስ ይጀምራሉ። ይህ ብቻውን ብልሽት አይደለም፤ ቴርማል ፔስቱ (በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ) ደርቆ ወይም አቧራ ሞልቶ ሊሆን ይችላል፣ ይህ በቀላሉ ይስተካከላል። ፋኖቹንም በጆሮዎ ያዳምጡ፤ ካርዱ ከጠፋ በኋላ በጣት ሲገፏቸው የሚወላገዱ ከሆነ የሚሽከረከሩበት ቤሪንግ አልቋል።

ለክሪፕቶ ማዕድን ሲሠራ የኖረ 580 ባዮሱ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ድራይቨሩ አልጫን ማለቱ ወይም የሚሞሪው ክሎክ ከተለመደው መለየቱ ነው። አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ላይ ሁለተኛ ባዮስ የሚመርጥ ትንሽ ማብሪያ አላቸው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ወደ ሌላኛው ይግፉትና ድራይቨሩን እንደገና ይሞክሩ። ካርዱን ከፍተው ፔስት የሚቀይሩ ከሆነ ሚሞሪው ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች ሳይቀድዱ ያንሡ፤ የሚተኩባቸው ፓዶች ውፍረት ከነበሩት በግማሽ ሚሊሜትር ከበለጠ ማቀዝቀዣው ከቺፑ ጋር በደንብ አይገጥምም፣ ሙቀቱም ከቀድሞው ይብሳል።