ሜይሊንግ ሊስት ሰርቨር ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጭነቱን እንዴት እንፈትሽ? (ጥያቄና መልስ)

ለማኅበራቸው ሜይሊንግ ሊስት (አንድ ደብዳቤ ለአባላቱ ሁሉ የሚያደርስ የኢሜይል ዝርዝር) ሊከፍቱ የተዘጋጁ ሰዎች ስለ ሎድ ቴስት፣ ማለትም ሰርቨሩ ብዙ ጭነት ሲመጣበት ይችል እንደሆነ ስለሚፈትሽ ሙከራ፣ ደጋግመው ጠይቀውኛል። የመጡትን እንዲህ መልሻለሁ። ምሳሌዬ ሜይልማን (ሊስቱን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ከፖስትፊክስ (ደብዳቤዎቹን የሚቀበለውና የሚልከው ፕሮግራም) ጋር ነው።

ጥያቄ፦ 8,000 አባላት አሉን፤ በቀን የሚላከው ግን ሁለት ሦስት ደብዳቤ ነው። ይሄም ሎድ ቴስት ያስፈልገዋል?

መልስ፦ በደንብ ነዋ! የሚገባው ሦስት ደብዳቤ ነው፤ የሚወጣው ግን ለ24,000 አድራሻ ነው። ለእያንዳንዱ አባል የራሱ ኮፒ እንዲዘጋጅ ካደረጋችሁ፣ 100 ኪሎባይት የነበረው አንድ ደብዳቤ 800 ሜጋባይት ይሆናል።

ደግሞም ሰርቨር የሚወድቀው በአዘቦት ቀን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 ማይክሮሶፍት ውስጥ ቤድላም ዲኤል3 የሚባል፣ 13,000 ያህል ሰው ያለበት ሊስት ነበር። አንዱ «ስሜን አውጡልኝ» ብሎ ለሁሉም ጻፈ። ሌሎቹ «የእኔንም» እያሉ ለሁሉም መለሱ። የኩባንያው ኢሜይል ተጨናነቀ። ስለዚህ አንድ ደብዳቤ ልካችሁ አትርኩ፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ መልስ ሲዘንብበት ምን እንደሚሆን እዩ።

ጥያቄ፦ የሙከራው ደብዳቤ እውነተኛ ሰው ጋ እንዳይደርስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ይሄን በማሰብሽ ደስ ብሎኛል። የእውነተኛ አባላትን ዝርዝር ለሙከራ አትንኪው። መጨረሻቸው «ዶት ኢንቫሊድ» የሆነ አድራሻዎች ፍጠሪ። ይህ ስም እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ማንም እንዳይመዘግበው የተከለለ ነው።

ፖስትፊክስ ለዚሁ ሥራ ሁለት መሣሪያ አለው። ኤስኤምቲፒ-ሶርስ ደብዳቤ ይልካል፤ ኤስኤምቲፒ-ሲንክ ተቀብሎ ይጥላል። የፖስትፊክስን ሪሌይሆስት (ወጪ ደብዳቤ በየትኛው ሰርቨር በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነውን ቅንብር) ወደ ሲንኩ አዙሪው፣ የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ያልቃል። ለጥንቃቄ ያህል ፋየርዎሉ (የኔትወርክ መከላከያው) ላይ ወደ ውጭ የሚወጣውን ፖርት 25፣ ማለትም ሰርቨሮች ኢሜይል የሚለዋወጡበትን በር፣ ዝጊ።

አንድ ነገር ልጨምር። የላኪው አድራሻ የሊስቱ አባል መሆኑን አረጋግጪ። አለዚያ ሜይልማን ደብዳቤዎቹን ለአወያይ ብሎ ይይዛቸዋል። ምንም ሳይላክ ሰርቨሩ ጭነቱን የቻለ ይመስልሻል።

ጥያቄ፦ እንዳልከው አደረግኩ። ሲፒዩው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ መላኩ ግን ይጎተታል። ምን ይሆን?

መልስ፦ ሙከራው ራሱ የፈጠረው ማነቆ ሳይሆን አይቀርም። ፖስትፊክስ ካልቀየርከው በስተቀር ወደ አንድ መድረሻ በአንድ ጊዜ ከ20 በላይ ግንኙነት አይከፍትም። አንተ ደግሞ ሁሉንም ወደ አንድ ሲንክ አዞርከው። በእውነተኛው ሥራ ላይ አባላትህ በብዙ ዶሜይኖች (በአድራሻቸው ከ@ በኋላ በሚመጡ ስሞች) ተበታትነው ስለሚገኙ ነገሩ ሌላ ነው። ለሙከራው ብቻ ገደቡን ከፍ አድርግ፤ ስትጨርስ መልሰው። ገደቡ የተቀመጠው ተቀባዮቹን ሰርቨሮች እንዳታጥለቀልቅ ነው።

በሌላ በኩል ሲንኩ ከእውነተኛው ዓለም ይልቅ ቸር ነው። ወዲያው ይቀበላል፤ «ቆይተህ ተመለስ» አይልም። እውነተኞቹ ተቀባዮች ግን ይላሉ። ስለዚህ ሲንኩ እንዲዘገይ አድርገው፤ በተወሰነው ሰዓት ደግሞ ጊዜያዊ እምቢታ፣ ማለትም በ4 የሚጀምር ኮድ፣ እንዲመልስ አድርግ። ያኔ ወረፋው ሲያብጥ ታያለህ። ኪውሼፕ የሚባለው መሣሪያ የትኛው ዶሜይን ላይ ስንት ደብዳቤ ምን ያህል እንደቆየ በሠንጠረዥ ያሳይሃል። ለእኔ ከሙከራው ሁሉ ጠቃሚው ክፍል ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቁጥር ነው የምከታተለው?

መልስ፦ ደብዳቤው ከተላከበት ሰዓት ጀምሮ የመጨረሻው አባል ኮፒ እስኪወጣ ያለውን ጊዜ። «በሰከንድ ይህን ያህል ተቀበለ» የሚለው ቁጥር ያሳስታል፤ ተቀብሎ ወረፋ ላይ መከመር ቀላል ነው። የቀብር ማስታወቂያ ከቀብሩ በኋላ ከደረሰ ፍጥነቱ ምን ያደርጋል?

ቀጥሎ ዲስኩን እዩ። ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ዲስክ ላይ ሳያሳርፍ «ተቀብያለሁ» አይልም። ብዙ ጊዜ ሲፒዩው ገና ሳይነካ ዲስኩ ነው የሚታነቀው።

ጥያቄ፦ ደብዳቤዎቻችን በአማርኛ ናቸው። ለውጥ ያመጣል?

መልስ፦ ያመጣል፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። በዩቲኤፍ-8 (ፊደላት ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጡበት ሥርዓት) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ነው። ደብዳቤው በቤዝ64 (ጽሑፉን ለኢሜይል በሚመቹ ተራ ምልክቶች በሚተካ አሠራር) ሲታሸግ ወደ 4 ይጠጋል። እንግሊዝኛው ግን በፊደል አንድ ባይት ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ ሞክሩ። ሊስቱ ከሥር የሚጨምረው የግርጌ ጽሑፍ እንዳልተበላሸ፣ ተነጥሎም እንደ አባሪ እንዳልተሰቀለ በዓይናችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ሰርቨሬ ክላውድ ላይ ነው። የተለየ ነገር አለ?

መልስ፦ ብዙ የክላውድ ድርጅቶች ወደ ውጭ የሚወጣውን ፖርት 25 ዘግተው ነው የሚሰጧችሁ። ቀድማችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሙከራውን ካለፈ በመጀመሪያው ቀን ለ8,000ውም ልላክ?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። ሎድ ቴስት የሚነግርህ የራስህን ማሽን አቅም ነው፤ ጂሜይል ያምንህ እንደሆነ አይነግርህም። አዲስ አይፒ (የሰርቨር የኢንተርኔት አድራሻ) በአንዴ ሺህ ደብዳቤ ሲረጭ ተጠርጣሪ ነው። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ለሚልኩለት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ የሚባሉትን፣ ደብዳቤው በእርግጥ ከላኪው ዶሜይን መምጣቱን የሚያረጋግጡ ዘዴዎች፣ ግዴታ አድርጓል። እነሱን አስተካክል፤ ደብዳቤ የሚያነቡትን ጥቂት መቶ አባላት አስቀድም፤ ከዚያ በየቀኑ ጨምር።

ሪሌይሆስቱን ወደ ቦታው ከመመለስህ በፊት ደግሞ ወረፋ ላይ የቀሩትን የሙከራ ደብዳቤዎች በፖስትሱፐር (የፖስትፊክስን ወረፋ በሚያጸዳው ትእዛዝ) አጥፋቸው። ሜይልማን የራሱ ወረፋ አለው፤ እሱንም እይ።