ሲነሳ የሚጮህ የፔሌት ምድጃ፦ ብሎወሩን ራሴ ስቀይር ያየሁት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስገባ ነው። በገዛሽው ቤት ያገኘሽው አሮጌ የፔሌት ምድጃ ሲነሳ ይጮሃል። እሳቱ ይልፈሰፈሳል። መስታወቱ በአንድ ቀን ይጠቁራል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ራሱ ይጠፋል። የጠራሽው ባለሙያ «የጭስ ማውጫ ብሎወሩ አልቋል፣ 600 ዶላር» ብሎሻል፤ ብሎወር ማለት በሞተር የሚዞር ማራገቢያ ነው። ራሴ ልቀይረው ወይስ ምድጃውን ልጣለው ነው ጥያቄሽ።

አትጣይው። እኔ የሌሊት ፈረቃ የምሠራ የሆስፒታል ሠራተኛ እንጂ የምድጃ ባለሙያ አይደለሁም። ግን እዚህ አሜሪካ፣ ስፖኬን ከተማ፣ ቤታችን ያለውን ምድጃ ብሎወር ሁለቴ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ሁለቴ የሆነው ሞተሩ ሁለት ጊዜ ስለተቃጠለ አይደለም፤ የመጀመሪያውን አበላሽቼ ስለገጠምኩት ነው። እሱን እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ አሠራሩ ይግባሽ። ፔሌት የተጨመቀ ሰጋቱራ ነው። ጠመዝማዛው ብረት ከማጠራቀሚያው እየገፋ ወደ መቃጠያዋ ይጥለዋል። ምድጃው ውስጥ ሁለት ብሎወር አለ። አንዱ የሞቀውን አየር ወደ ሳሎን ይነፋል፤ እሱ ቢበላሽ ቤቱ ይበርድሻል። ሌላው ጭሱን ስቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ነው፤ የኛ ጉዳይ እሱ ነው። እሱ ሲስብ አዲስ አየር ከታች ወደ እሳቱ ይገባል፣ እሳቱም ቀጥ ብሎ ይነዳል። ስበቱ ከላላ ቫኪዩም ስዊች የሚባለው መቆጣጠሪያ ያውቅና ፔሌቱን ያስቆመዋል። ስለዚህ ምድጃሽ ራሱ መጥፋቱ ጥሩ ምልክት ነው፤ ጠባቂው በሥራ ላይ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ያንን ስዊች በሽቦ አገናኝተሽ እለፊው ይልሻል። እንዳትሰሚው።

ብሎወሩን ከመግዛትሽ በፊት ግን መዘጋት አለመሆኑን እርግጠኛ ሁኚ። በአመድ የተዘጋ ቱቦና የደከመ ብሎወር ምልክታቸው አንድ ነው፦ ሰነፍ እሳት፣ ጥቁር መስታወት፣ መጥፋት። የሚለያቸው ጩኸቱ ነው።

ሶኬቱን ንቀይ። በማጥፊያው ማጥፋት አይበቃም። ምድጃው ሌሊቱን ሙሉ ይቀዝቀዝ። ጠዋት የጎኑን ወይም የኋላውን ሽፋን ክፈቺ። ከጭስ ቱቦው ጋር የተያያዘው ብሎወር እሱ ነው። ዘንጉን በጣትሽ አሽከርክሪው። ጤነኛ ከሆነ ለቀቅ ስታደርጊው ጥቂት ዙር ራሱ ይዞራል። ካከረረ፣ ከተንቋቋ ወይም ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። የኔ ሲቀዘቅዝ ይጮህና ሲሞቅ ዝም ይል ነበር። ልጄ «ድመቷ ተነሳች» ትል ነበር። እኔም «ይሞቃል፣ ይተወዋል» እያልኩ አንድ ክረምት ሙሉ አሳለፍኩት። በሚቀጥለው ክረምት ጨርሶ እምቢ አለ፤ ያጓራል እንጂ አይዞርም። ያቺ ሳምንት ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ነበር።

አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች የዘይት ቀዳዳ አላቸው። ካለው ሁለት ሦስት ጠብታ ለኤሌክትሪክ ሞተር የሚሆን ቀጭን ዘይት አድርጊበትና እዪው፤ ጊዜ ሊገዛልሽ ይችላል። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ግን አትርጪበት። ለጊዜው ዝም ያሰኘዋል፣ የነበረውንም ቅባት አጥቦ ይወስደዋል።

ዘንጉ በደንብ ከዞረ ወደ ጽዳት ሂጂ። የጭስ ቱቦውን በብሩሽ ጥረጊ፣ ውጭ ያለውን የማጽጃ ክዳንም ክፈቺ። ከቫኪዩም ስዊቹ የሚነሳውን ቀጭን የጎማ ቱቦም አትርሺ፤ ጫፉ በአመድ ይደፈናል። ቱቦውን ከስዊቹ ነቅለሽ ወደ ምድጃው በኩል ንፊው። ወደ ስዊቹ እንዳትነፊ፣ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ይበላሻል። አመዱን ስታወጪ ደግሞ ተራ የቤት መጥረጊያ ቫኪዩም አትጠቀሚ። አንዲት የተዳፈነች ፍም ብትኖር ቫኪዩሙን ታቃጥለዋለች። ለአመድ ተብሎ የተሠራ የብረት ባልዲ ያለው አለ።

አሁን ወደ መቀየሩ። ምድጃው ላይ፣ ብዙ ጊዜ በማጠራቀሚያው ክዳን ውስጥ ወይም ከኋላ፣ የሞዴልና የሲሪያል ቁጥር ተለጥፏል። በሱ እዘዢ። የአምራቹን ዕቃ ካጣሽ ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አመሳክሪ፣ የውስጡን ማራገቢያ ስፋት ለኪ፣ የሚዞርበትንም አቅጣጫ እዪ። አቅጣጫውን የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። በተቃራኒው የሚዞር ብሎወር ቢገጠምም በደንብ አይስብም።

ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሺ። ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፣ ቀላል ነው። የሚያስቸግሩት ብሎኖቹ ናቸው። ዓመታት በሙቀት ስለኖሩ ይጣበቃሉ። ማታውኑ ዝገት ማላቀቂያውን ብሎኖቹ ላይ እርጪ፣ እዚያ ቦታው ነው። አንድ ብሎን አንገቱ ተቀንጥሶብኝ ግማሽ ቀን አጥፍቼበታለሁ። ማራገቢያውን ከዘንጉ የምታላቅቂ ከሆነ ዳዶው በአንዳንዶቹ ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚፈታው፤ እምቢ ሲልሽ ጉልበት አትጨምሪ፣ በሌላው በኩል ሞክሪ።

ሞተሩ ከነሳህኑ፣ ማለት ከታሰረበት ጠፍጣፋ ብረት ጋር፣ ተስቦ ሲወጣ የምታዪው ነገር ያስገርምሻል። የኔ ማራገቢያ ላይ የተጋገረው ጥቀርሻ በእንጨት የሚጋገርበት የእናቴ ምጣድ ሥር ነበር የሚመስለው። በእያንዳንዱ ምላስ መሃል ደርቆ ጠጥሯል። ይሄ ነገር በደቂቃ ወደ 3000 ዙር ነው የሚሽከረከረው፤ በአንድ ወገን ጥቀርሻ ሲከብደው ይንቀጠቀጣል፣ ኩሽኔታውንም የሚበላው እሱ ነው። የማራገቢያውን ማቀፊያ ጠርገሽ ስታወጪ አንድ የቡና ቆርቆሮ ሙሉ አይቀርም። አንድ ነገር ደግሞ፦ በሞተሩና በሳህኑ መሃል ትንሽ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ካለች አዲሱ ላይም መኖሯን አረጋግጪ። ሞተሩን ከእሳቱ ግለት የምታድነው እሷ ናት።

አሁን ስህተቴ። ጋስኬቱ፣ አገር ቤት መካኒኮች ጓርኒሲዮን የሚሉት፣ ብሎወሩ በሚታሰርበት መሃል ገብቶ ጭስ እንዳያመልጥ የሚደፍነው፣ ሲወጣ ደህና መሰለኝ። ጥቂት ዶላር ለማትረፍ ብዬ አሮጌውን መልሼ አሰርኩበት። ቅዳሜ ነበር። ምድጃው ያለ ጩኸት ተነሳ፣ እሳቱ ቀጥ አለ፣ ባለቤቴ ደስ ብሏት ቡና አፈላች። ቡና ተቆላ፣ እጣን ጨሰ። ቤቱ ጭስ ጭስ ሲል ማን ይጠርጥር? የእጣን ነው አልን፣ ተኛን። በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርሙ ጮኸ። ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በረዶ ላይ ወጣን። ከሰል ቤት ውስጥ አቅርበው ዘግተው የተኙ ሰዎች ላይ አገር ቤት የሚደርሰው፣ ያው ጋዝ ነው። ሽታ የለውም። የምትሸቺው ጭስ አብሮት የወጣው ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይኖርም።

በበነጋው ስፈታው ጋስኬቱ በአንድ ጥግ የጥፍር ያህል ተሰንጥቋል። ስለዚህ አዲስ ጋስኬት ከብሎወሩ ጋር እዘዢ፣ የቀድሞውን ፍርፋሪ በፕላስቲክ መፋቂያ ጠርገሽ አንሺ፣ ብሎኖቹንም በአንድ ወገን ሳይሆን እያፈራረቅሽ በመጠኑ አጥብቂ። አላርም ከሌለሽ ብሎወሩን ከማዘዝሽ በፊት እሱን ግዢ።

እጣኑም አልከሰረም። አሁን ምድጃውን በነካካሁ ቁጥር መፈተሻዬ እሱ ነው። ምድጃው እየሠራ ትንሽ እጣን አጨሺና ጭሱን በምድጃው በር ዳር ዳር አዙሪው። በሆነ ቦታ ወደ ውስጥ ከተሳበ የበሩ ማሸጊያ ገመድ አልቋል። በብሎወሩ ጋስኬትና በቱቦው መጋጠሚያዎች ላይ ደግሞ ጭሱ ተገፍቶ ከሸሸ እዚያ እየተነፈሰ ነው። የአላርሙን ቦታ ግን አይተካም።

ስለ 600 ዶላሩ፣ ያ ዋጋ የቱቦውንና የምድጃውን ሙሉ ጽዳት ከጨመረ ዘረፋ አልለውም፤ ጠይቂው። እኔ ለብሎወሩና ለጋስኬቱ 150 ዶላር ነው ያወጣሁት፣ ሥራው ደግሞ ከተቀነጠሰው ብሎን በቀር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ኤሌክትሪክ ነገር መንካት የምትፈሪ ከሆነ ግን ለባለሙያው ተይው፣ አዲስ ጋስኬት መግባቱን ብቻ ቆመሽ እዪ።

የሞዴል ቁጥሩንና የሞተሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው። ማታ ሥራ ከመግባቴ በፊት አየዋለሁ።